በረዶው እስኪያልቅ

በረዶን ምን እንደሚያቀልጠው የተማርኩት ከመጽሐፍ በፊት በገዛ እጄ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ወረታ ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ በያመቱ ስለ ረጃጅም ተራሮች ግግር በረዶ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ጠመኔው እጄ ላይ ይከብደኛል። ተማሪዎቼ ምክንያቱን አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ቲቸር ትርሲት በዚያ ምዕራፍ ቀልድ እንደማትወድ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዱ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የኛ ጉናስ? የሱም በረዶ እያለቀ ነው?"

"ጉና ላይ ግግር በረዶ የለም" አልኩት። "ጉናን የሚያነጣው ከዝናብ ጋር የሚወርደው በረዶ ነው። ቢቆይ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ግግር በረዶ ግን ያምናው ሳይቀልጥ የዘንድሮው እየተደረበበት፣ በራሱ ክብደት እየተጫነ ብዙ ዘመን የሚኖር ነው። በኛ አህጉር ኬንያ ተራራ፣ ኪሊማንጃሮና ሩዌንዞሪ ላይ ትንሽ ቀርቷል፤ እሱም እየተሟጠጠ ነው።"

ልጁ ጽፎ ተቀመጠ። መልሱ ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ቢያመጣው ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። እኔ ግን በስምንት ዓመቴ በረዶ የማይቆይ ነገር መሆኑን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እናቴን ስናፍቅ ባላደግሁ ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ በኩል የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ሞልቶ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር። አባቴ ንብረት የዚያ ሜዳ ልጅ ነው። ሩዝ ያበቅላል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ካልገባ የዋለ አይመስለውም። እናቴ አገኘሁሽ ግን የጉና ሰው ናት፣ የገብስና የውርጭ አገር ልጅ። ለሜዳ ሰው ስትዳር "ልጃችን ቆላ ወረደች" ብለው ዘመዶቿ አልቅሰውላታል ይባላል።

ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ ወደ ፀሐይ መውጫ ትቆማለች። ጉና ከሜዳው ማዶ፣ ከኮረብቶቹ ሁሉ ኋላ ይታያል። በረዶ ያደረበት ቀን ጫፉ ነጭ ይሆናል፤ ያን ቀን እናቴን ሥራ አይዛትም።

"አየሻት አገሬን፣ ነጠላዋን ለብሳ" ትለኛለች። "እዚያ ብትሆኚ ይሄኔ አፍንጫሽ በርበሬ መስሎ ነበር።"

በርበሬ የመሰለ አፍንጫ እንዲኖረኝ እንዴት እመኝ እንደነበር። ከእናቴ ጋር እዚያ ላይ ቆሜ፣ እሷ እያየችኝ ስትስቅ ይታየኝ ነበር።

በየክረምቱ ታላቅ ወንድሟ ሰውመሆን በበቅሎ ይወርዳል። ሲመጣ በረዶ ይዞላት ነው የሚመጣ። ሌላ ሰው ዘንድ ይደረግ እንደሆን አላውቅም፤ የእናቴ ዘመዶች ግን ሜዳ ለተዳረች ልጃቸው ይህን ያደርጉ ነበር። በረዶው እንደወረደ ከገደሉ ሥር የተከመረውን ዝቀው፣ በእግራቸው ረግጠው አንድ ያደርጉታል። ከዚያ በገብስ ጭድ ይጠቀለልና ስልቻ ውስጥ ይገባል። አጎቴ ፀሐይ እንዳታገኘው ጀምበር ስትጠልቅ ተነሥቶ በጨለማ ይጓዛል፤ ጠዋት እኛ ደጅ ነው። እናቴ ስልቻውን ፈትታ፣ ጭዱን ገለጥ አድርጋ፣ አንድ ቁራጭ አፏ ውስጥ ትከትና ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ ብንጠራትም አትሰማም። ለእኔም ታቃምሰኛለች። ጥርሴን ያመኛል፤ ጭድ ጭድ ይላል። እኔ ግን የጉናን ቁራጭ በላሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስኩራራ እውላለሁ።

ያን ክረምት አጎቴ ሲመጣ አልቀለደም። እናቴ ሦስት ሳምንት የወባ ንዳድ ይዟት፣ ተነሥታ መቀመጥ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸውን ሁለቱን ንዳድ ወስዶባታል። እኔ ከጎታው ጀርባ ተሸጉጫለሁ፤ የትልልቅ ሰው ወሬ የሚጥመው ከዚያ ሲሰሙት ነው።

"ንብረት፣ እኔ እኅቴን ልቀብር አልመጣሁም" አለ አጎቴ። "ሁለት ነፍስ ናት። ጤና ጣቢያ የተባለውን አንተም ሰምተሃል። ሌላ ንዳድ ከያዛት አትነሣም።"

እኔ ሁለት ነፍስ ያላት መሆኗን ስሰማ ደስ አለኝ። አንዷ ብትሄድ አንዷ ትቀራለች ብዬ።

"ሰምቻለሁ አያ ሰውመሆን" አለ አባቴ።

"እንግዲያ ሁላችሁም ውጡ። መሬት አለኝ፣ ገብስ ታርሳለህ። ቤት እስክትሠራ ከኔ ጋር ናችሁ።"

አባቴ "ሩዙ አረም ላይ ነው" አለ። "ያባቴን መሬት ለማን ጥየው እወጣለሁ? ደሞስ ሰው ምን ይለኛል? ሚስቱን ተከትሎ ተሰደደ ነው የሚሉኝ።"

"ይበሉ። የሰው አፍ በምን ይዘጋል?"

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ አባቴን ብቻ ታያለች። አጎቴ እሷን አየ፣ እሱን አየ፤ ከዚያ ስልቻውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ነገሩን በሳቅ ሊያለዝበው ሞከረ። "አላስቸኩልህም። በረዶው እስኪያልቅ ምከሩበት። እሱ ሲያልቅ እኅቴን ይዣት እወጣለሁ፤ አንተም ትወጣ እንደሆን ያኔ ትነግረናለህ።"

አሁን ሳስበው አጎቴ ለአማቹ ሁለት ሦስት ቀን መስጠቱ ነበር፤ "እስከ ማክሰኞ" ማለት እንደ ክስ ቀጠሮ ቢመስልበት በበረዶ ለካው። ከጎታው ጀርባ የተሰማው ግን ሌላ ነው። በረዶው ሲያልቅ እናቴ ትሄዳለች። እንግዲያ በረዶው ካላለቀ አትሄድም። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የበረዶ ዘበኛ ሆንኩ። ስልቻውን ከምድጃው አጠገብ ጎትቼ ጎታው ጥግ፣ ጨለማው ውስጥ አስገባሁት። አንዲት ቁራጭ በጣሳ አድርጌ ደጅ አስቀምጬ ነበር፤ ከምድጃ የተጠረገ አመድ በነፋስ መጥቶ ላይዋ ላይ አረፈ። ፀሐይ ብልጭ ስትል አመዱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ብስ ብስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አየሁ። ነጩ ፀሐይን እንቢ ይላል፣ ጥቁሩ ያስገባታል። ሄጄ ከስልቻው በላይ ካለው ቆጥ ጥላሸቱን ጠረግሁ። ደግሞ ሥሩ በራሱ ውሃ ተነክሮ ሲያልቅ ደረስኩበትና በእንጨት ላይ አስቀመጥኩት። ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ተነሥቼ እዘጋለሁ። እጄ ራሱ ጠላት መሆኑንም አወቅሁ፤ አምስት ጣቶቼ ላዩ ላይ ታትመው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ልነካው እየፈለግሁ አልነካሁትም።

ዛሬ ያንኑ ነው ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፤ ቃሉን አሳምሬ። የፋብሪካ፣ የመኪናና የሚቃጠል ደን ጥላሸት ነፋስ ተሸክሞት ሄዶ ግግሩ ላይ ያርፋል፣ ያጠቁረዋል። በረዶው ሲሸሽ ከሥሩ ጥቁር ዓለት ይወጣል፣ ዓለቱ ይግልና የቀረውን ይበላዋል። የቀለጠውን የሚተካ አዲስ በረዶ በልኩ አይወርድም። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ልጅ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ እያነደደ የዓለምን አየር ራሱን አሙቆታል፤ በሩን ብትዘጋው ባትዘጋው ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ ይገለብጣሉ። እኔ የሚታየኝ ስልቻው ነው።

የጥጃ ራስ ያክል የነበረው በረዶ በማግሥቱ ጠዋት ከዶሮ አይበልጥም ነበር። አባቴ ለእናቴ መድኃኒት ሊያመጣ ወረታ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። እኔን እትዬ ሸሪፋ ሱቅ አስቀምጦ እሱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተሻገረ። እትዬ ሸሪፋ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ የሚሸጡ፣ ልጅ የማይሰለቻቸው ሴት ነበሩ።

"እትዬ ሸሪፋ፣ አንድ ነገር እንዳያልቅ ምን ይደረግለታል?"

"ምኑ ነው የሚያልቀው?"

በረዶ ማለት አፈርኩ። "የሚበላ ነው። ቶሎ ይበላሻል።"

"እንግዲያ ጨው ነዋ። ሥጋውም በጨው፣ ቆዳውም በጨው አይደል የሚቆየው? ጨው የነካው ነገር ዓመት ይከርማል።" ከዚያ ሳቁና እፍኝ ጨው በወረቀት ጠቅልለው ጉያዬ ውስጥ ወሸቁልኝ። "እናትሽን አላህ ያሽርልሽ፤ ሸሪፋ ብላለች በያት።"

እሳቸው ምን አጠፉ? እኛ ቤትም ቋንጣው የሚሰቀለው በጨው ታሽቶ ነው፤ ቅቤውም ቆዳውም ያው ነው። ከጨው የበለጠ ነገር የሚያቆይ አላውቅም ነበር። ጨው ውሃ በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት ልክ ዝቅ እንደሚያደርገው፣ በብርድ አገር መንገድ ላይ የሚበትኑትም በረዶውን ለማቅለጥ መሆኑን የተማርኩት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። መምህሩ ሲናገር ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። የታመምኩ መሰላቸው።

ከወረታ እንደተመለስን፣ እናቴ ተኝታ፣ አባቴና አጎቴ ሩዙን ሊያዩ ወጥተው ሳለ፣ ስልቻውን ፈትቼ በረዶውን እንደ ቋንጣ አሸሁት። ጨው በየጎኑ፣ በየስንጥቁ፣ እፍኙ እስኪያልቅ። የሩዝ ቅጠል የቆራረጠው ጣቴ ተቃጠለ፤ ችዬ አሸሁት። ለእናቴ ነዋ። ጨርሼ ጭዱን መለስኩ፤ ወረቀቱን ከጎታው ሥር ሸጎጥኩ። ልቤ ሞላ። አሁን ዓመት ትከርማለች ብዬ።

ማታ አባቴ እጄን ሲያስታጥበኝ መዳፌን ገልብጦ አየው። ቀልቷል፤ በቁስሉ ዳር ነጭ ጨው ደርቋል። ብዙ አየው። ከዚያ ቅቤ አምጥቶ አንድ በአንድ ቀባኝ። ያኔ ቁስሌን ብቻ ያየ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ ስልቻውን ዳበስኩ። ለስላሳ ነው። እርጥብ ጭድና ውሃ ብቻ። ዶሮ ታክል የነበረችው እንኳ የለችም። እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። እናቴን እኔ ላክኋት ማለት ነው፤ በገዛ እጄ። ሮጬ ወጥቼ ከቤቱ ጓሮ ካለው የጭድ ክምር ውስጥ ገባሁና ተቀበርኩ።

እዚያ ሆኜ የሰማሁት ይህን ያህል ነው። የእናቴ ድምፅ ከፍ አለ፤ ቃሉ አይለይም። የአባቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ቃል ቢሆን ነው። ከዚያ የበቅሎ ኮርቻ ሲጫን፣ አጎቴም "ጎርፍ ሳይዘጋን" ሲል። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ቅርብ፣ ከክምሩ አጠገብ።

"ትርሲት።"

ትንፋሼን ዋጥኩ። ጥፋቴን ታውቃለች፣ ልትቆጣኝ ነው።

"ትርሲትዬ፣ ነይ እንሂድ።"

ሊሄዱ ነው፤ እኔ ባቀለጥኩት ነው የሚሄዱት። በምን ፊቴ ልውጣ? ሦስተኛ ጊዜ ስትጠራኝ ድምፅዋ ተሰበረ። እኔ አፌን በጭድ ሞላሁት። የበቅሎዋ እርምጃ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

አባቴ ያወጣኝ ከቀትር በኋላ ነው። ጭዱን ከጸጉሬ ሲለቅም "በበረዶው ነው አይደል የሄደችው?" አልኩት።

"በረዶ ምን ያደርጋል ልጄ" አለኝ። "እኔ ነኝ።"

እናቴ በዚያው በጥቅምት ወንድሜን መንግሥቴን በሰላም ወለደች፤ ንዳድም አላገኛት። ተመልሳ ግን አልወረደች። አባቴም አልወጣ፣ ሌላም አላገባ። እሱ "ትጥራኝ" እያለ፣ እሷ "ይምጣና ይጠይቀኝ" እያለች፣ ዕድሜ እንደ ዋዛ ሄደ። እኔ ለጥምቀትና ለፋሲካ እወጣለሁ። እናቴ ጥሩውን መኝታ ታነጥፍልኛለች፣ ለእንግዳ የሚደረገውን ሁሉ ታደርግልኛለች። መንግሥቴን ግን እየጮኸች "አንተ ሰነፍ፣ ተነሥ" ትለዋለች። እኔን አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። እንድትቆጣኝ ስመኝ አደግሁ።

ያ ተማሪ የጠየቀኝ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መንገዱ ደህና ነው ሲባል፣ ደብረ ታቦርን አልፌ ጉና ወጣሁ። እናቴ ጋቢዋን ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። በዋዜማው በረዶ ጥሎ ነበር፤ በጅብራው ተክል ሥር ትንሽ ትንሽ ነጭ ቀርቷል።

"እንደ ድሮው አይቆይም" አለችኝ አገጯን ወደዚያ አድርጋ። "ጠዋት ጥሎ ቀትር ላይ የለም። ውርጩም ሸሽቷል፤ ገብሱ ወደ ላይ ወጣ፣ የአስታው ዛፍ ተመነጠረ። አንቺ የተማርሽው፣ ምንድን ነው እንዲህ ያደረገው?"

በአንድ ሰው ትዝታ የአየር ጠባይ አይለካም፤ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነው። ለእሷ ግን እንዲያ አላልኳትም። "እማ፣ አንዱን በረዶ ያቀለጥኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጎታው ጀርባ የሰማሁትን፣ የእትዬ ሸሪፋን ጨው፣ የጭዱን ክምር። ስጨርስ እናቴ ፊቷ ተለዋውጧል።

"ጨው" አለች። "ጨው ያደረግሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ያን ዕለት ጠዋት ውሃውን ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ጨው በረዶን እንደሚበላው የጉና ልጅ ያውቃል። አባትሽን ጠየቅሁት። 'እንድሄድልህ አፋጠንከው? ጨው የጨመርክበት አንተ ነህ?' አልኩት። 'እኔ ነኝ' አለኝ። በቃ፣ ሂጂልኝ ማለቱ ነው ብዬ ቆረጥኩ።" ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። "ደሞ ስጠራሽ ጭዱ ሲንቀሳቀስ አየሁት። እዚያ እንዳለሽ አውቄያለሁ።"

"አውቀሽ ለምን አላወጣሽኝም?"

"አባትሽን የመረጥሽ መሰለኝ። የመረጠችውን ልጅ በምን አንጀቴ ጎትቼ ላውጣ?"

ሁለታችንም አለቀስን፤ በየፊናችን ሳይሆን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ እንደኖርኩት፣ አንገቷ ሥር ገብቼ። ትክሻዬን እየመታች "አንቺ ደደብ፣ አንቺ ደደብ ልጅ" አለችኝ። መጀመሪያ የተቆጣችኝ ያን ቀን ነው።

አባቴ የቀባኝ ቅቤ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ጨዋማውን መዳፌን አይቶ ነበር። እናቴ በብስጭቷ እንዳትመታኝ ነው "እኔ ነኝ" ያለው፤ እንዲያ ያለ ዋጋ ያስከፍለኛል ብሎ አላሰበም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እውነቱን ቢናገር ጥፋቱ በእኔ ላይ ይወድቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ሊወጣ አስቦ ነበር ወይስ ሊቀር? እስካሁን አላውቅም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እናቴ መንግሥቴን "አንተ ሰነፍ፣ ተነሥ" ብላ ቀሰቀሰችው፤ እኔንም አብራ ቀሰቀሰችኝ። ሌሊቱን በረዶ ጥሏል። ከገደሉ ሥር ዛቅን፤ እሷ በዚያ ዕድሜዋ ጫማዋን አውልቃ ረገጠችው። በገብስ ጭድ ጠቅልላ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። "ስልቻ የለም፤ ይሄም አይከፋም። ፀሐይ እንዳታገኘው" አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በመኪና ወረታ ወርጄ፣ ሜዳው ዳር ያለው ቤታችን ስደርስ ገና ቀትር መሆኑ ነበር። አባቴ ከቤቱ ደጅ በርጩማ ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጉና ቢነጣም ባይነጣም አሁን አይታየውም። ከረጢቱን አጠገቡ አስቀምጬ ጭዱን ገለጥኩና አንድ ቁራጭ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ማን ላከው?" አለኝ።

"እሷ።"

ብዙ ጊዜ መዳፉ ላይ ያዘው፤ በጣቶቹ መሐል ውሃው ይንጠባጠባል። እንዳያልቅበት ፈርቼ ልነግረው ስል ወደ አፉ ወሰደው። እንደ እናቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጉንጩ ውስጥ አገላበጠው፣ ዋጠው፣ እጁን ዘርግቶ እጄን ፈለገና መዳፌን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ያኔ ቅቤ የቀባውን ቦታ።

"ይሄኛው ጨው የለውም" አለ።

ከረጢቱን ወደ ጥላው ሳብኩትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።